ስለኔ ተዪው፣ እሱ እንዴት ነው?

የክፍላችንን ልጆች ወሬ እንድሰበስብ የተመደብኩት እኔ ነኝ። መመደቤን የሰማሁት ግን ከተመደብኩ በኋላ ነው። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንዱ "እሷ ባንክ ነው የምትሠራው፣ የሰው ስልክ አታጣም" ብሎ ጻፈ። ሌሎቹ ላይክ አደረጉ። አለቀ። ባንክ መሥራት ማለት የደንበኛ ስልክ እየመዘዙ መደወል እንዳልሆነ ላስረዳ ሞከርኩ፤ ማን ሰምቶኝ።

ደሴ ላይ አብረን ተምረን ከተበተንን ሃያ ዓመት አልፎናል። 20ኛ ዓመታችን 2015 ላይ ነበር፤ በዚያ ዓመት ለግብዣ ማን ልብ ነበረው። አሁን እንገናኝ ተባለ። ከመገናኘታችን በፊት ደግሞ ማን የት እንደደረሰ የሚናገር አንድ ትንሽ ጥራዝ ይዘጋጅ ተባለ። ለአንድ ሰው አራት አምስት መስመር። የት ነው ያለው፣ ምን ይሠራል፣ አገባ ወይ፣ ስንት ወለደ። ፎቶ ካለ ፎቶ።

እኔም ሥራዬ ሆኖ ፎርም አዘጋጅቼ ላክሁ። ተሞልቶ የመጣው ሁሉ የአንድ ሰው ፎርም ይመስላል። "ሥራ፦ የግል። ትዳር፦ አለኝ። አጠቃላይ ሁኔታ፦ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" ወይም "አልሐምዱሊላህ።" የደሴ ልጆች ስለሆንን ሁለቱም እኩል ይመጣሉ።

ፎርሙን ትቼ መደወል ጀመርኩ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የኛ ሰው ስለራሱ አይናገርም። ደጉን ከተናገረ ጉራ ይሆንበታል፤ ክፉውን ከተናገረ ገመናውን ማውጣት ይሆንበታል። ስለ ሌላው ግን ይጠየቅ። "ስለኔ ተዪው፣ እሱ እንዴት ነው? ሱቁን ሸጠ የሚሉት እውነት ነው?" ይልና በዚያው ይቀጥላል። ስለዚህ ስልት ቀየርኩ። የአንዱን ሰው ወሬ ከሁለት ሌሎች ሰዎች እጠይቃለሁ። የሰማሁትን ጽፌ ለባለቤቱ በስልክ አነብለታለሁ። "ኧረ እንደሱ አይደለም!" ብሎ ሲነሳ እውነቱ ይወጣል። አንድ ሰው ስለራሱ እንዲናገር ከፈለጋችሁ፣ ሰው ስለሱ የሚያወራውን አንብቡለት።

ስማቸውን እዚህ አልጠራም። ጥራዙ ለኛ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ደግሞ የኔ ነው።

መጀመሪያ የተጨቃጨቅነው በስም ዝርዝሩ ነው። የኛ ባች የሚባለው ማን ማን ነው?

ሌላ ዘመን ላይ የተማረ ሰው ይህ ጥያቄ ላይገባው ይችላል። እኛ ሁሉ ነገር የተጀመረብን ነን። ታላላቆቻችን እስከ 12ኛ ተምረው ማትሪክ ይፈተኑ ነበር። በ1986 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እኛ ጋ ሲደርስ ግን መንገዱ 10ኛ ላይ ተቆረጠ። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በ1993 ሲጀመር የተፈተንነው እኛ ነን። ነጥብ የመጣለት ፕሪፓራቶሪ ገባ። ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ተመደበ፣ አለዚያም ቤቱ ገባ። በ1995 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውንም የጀመርነው እኛው ነን። ግቢ ስንደርስ ደግሞ ወጪ መጋራት የሚሉት ነገር በዚያው ዓመት ተጀምሮ ጠበቀን። ለምግቡም ለመኝታውም ወደፊት ከደመወዛችን እንደምንከፍል ውል ፈረምን። ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት ቀርቶ ብዙዎቻችን በ3 ዓመት ተመረቅን። ታላቅ ወንድሜ "ሦስት ዓመት ደግሞ ዲግሪ ነው? ኮርስ ነው እንጂ" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

10ኛ ሳለን በአንድ ክፍል ከሰባ በላይ ነበርን። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሆነን እንቀመጣለን። ዳር ያለው አንድ እግሩ ውጭ ነው። መሐል ያለው ለመጻፍ ክንዱን ማንሳት አይችልም። ውጤቱ የወጣው በክረምት ነው፤ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ፣ ደሴ በጭቃ ተይዛ። ማን አለፈ ማን ወደቀ የሚለው ወሬ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር በአንድ ቀን ተዳረሰ። መስከረም ላይ 11ኛ ክፍል ስንገባ ሁለት ሁለት ሆነን ተቀመጥን። የዚያን ቀን ደስ ብሎን ነበር። ክንዳችንን እንደ ልብ አሳርፈን መጻፍ ቻልና። ቦታው ለምን እንደሰፋ ያን ቀን ያነሳ ሰው አልነበረም። ልጆች ነበርን።

እንግዲህ የግሩፑ አድሚኖች "የ95 ባች" ሲሉ 12ኛን የጨረስነውን ማለታቸው ነው። ለነሱ ነገሩ ግልጽ ነበር። አንድ ቀን ግን ኮምቦልቻ የሚኖር ልጅ ወደ ግሩፑ ገባና "እኔስ? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሬያችሁ የተማርኩት ወንድማችሁ የት ልመደብ?" ብሎ ጻፈ። መጨረሻው ላይ የሚስቅ ፊት ለጥፏል። ማንም አልሳቀም። እኔ በዚያው ቀን የ10ኛ ክፍሉን ዝርዝር ለመጠቀም ወሰንኩ። አድሚኖቹን አላማከርኩም። መድበውኝ የለ?

ዝርዝሩ የተገኘው ከቀድሞው የክፍላችን ኃላፊ ነው። ጡረታ ወጥተው ደሴ ናቸው። ወረቀት ያላቸው መስሎኝ ነበር የደወልኩት፤ የላቸውም። "ወረቀት ምን ያደርግልሻል፣ ጻፊ" አሉኝ። ከኤ ጀምረው እንደ ድሮው ስም ጥሪ ይጠሩ ጀመር። አንዳንዱ ላይ ይቆማሉ። "ይሄኛው አርፋጅ ነው" ይላሉ፣ ዛሬም እንደሚያረፍድ ሁሉ። የኔ ስም ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። "አቤት ቲቸር" አልኩ። "እንደሱ ነው" ብለው ቀጠሉ።

ቲቸር ስለ ሐኪሞቹና ስለ ኢንጂነሮቹ ብዙም አልጠየቁኝም። "እነሱን ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል" አሉ። የጠየቁኝ ከትምህርት መልስ ፒያሳ ላይ ጫማ ይጠርግ ስለነበረው ልጅ ነው። እኛ ስናየው አንገቱን ይደፋ ነበር፤ እኛም እንዳላየን እናልፋለን። እሳቸው ግን ሄደው እሱ ጋ ይጠርጋሉ። ዋጋ አልቀበልም ሲላቸው ደብተር ይገዙለታል። እሱን እስካሁን አላገኘሁትም። አንዱ በባቲ በኩል አድርጎ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ የመን ገባ ይላል። ሌላው ሪያድ አይቼዋለሁ ይላል። ቲቸር "ባዶውን ተዪው፣ እንዳትሰርዢው" አሉኝ። ተራ ቁጥሩ አለ፤ ፊት ለፊቱ ባዶ ነው።

የሞቱትንም ከነተራ ቁጥራቸው በየቦታቸው አስቀመጥኳቸው። አንዳንዶች መጨረሻ ላይ ለብቻ ገጽ ይሁን፣ ሻማም ይሣልበት ብለው ነበር። እኔ ሻማ ያለበት ገጽ አልወድም። አብረውን ተቀምጠው ነበር፣ አብረውን ይጠሩ።

አሁን ሁሉም ሰው ወደሚወደው ወሬ ልምጣ። ሰቃዩ የት ደረሰ?

የዚህ ወሬ ቅርጹ የታወቀ ነው። አንደኛ ይወጣ የነበረው ዛሬ ደመወዝተኛ ነው፣ ወር መድረሻ ይቸግረዋል። ወድቆ የወጣው ደግሞ ሕንፃ ሠርቷል፣ ቪ ኤይት ይነዳል። ቡና ላይ ይህ ሲወራ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ውሸት አይደለም፤ ከኛም ውስጥ እንደዚያ የሆነ አንድ አለ። 10ኛ ላይ ወድቆ መርካቶ ከአጎቱ ሱቅ ገባ፤ ዛሬ ከቻይና ዕቃ ያስመጣል። ግን ይህን ወሬ አልወደውም። ከዚያ ክፍል ወድቀው የወጡት ከግማሽ በላይ ናቸው። ሕንፃ ያለው አንድ ነው። የሌሎቹ ወሬ ለቡና ስለማይመች ነው የማይወራው።

ሰቃያችን ራሱ መምህር ሆኗል፣ ፊዚክስ ያስተምራል። "ምነው ያን ሁሉ ጭንቅላት ይዘህ?" የሚሉት አሉ። እሱ ይስቃል። ስለራሱ የነገረኝ ነገር የለም፤ የተማሪዎቹን ግን ነገረኝ። ጥቅምት 2015 ላይ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተወስደው ሲፈተኑ፣ የሱ ልጆች ፍራሽና ብርድ ልብስ ተሸክመው አውቶቡስ ሲሳፈሩ ሸኝቷቸዋል። ውጤቱ ሲወጣ በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። "በጦርነት መሐል የተማሩ ልጆች ናቸው እኮ" አለኝ። "ሰኞ ክፍል ስገባ ምን እላቸዋለሁ ብዬ ስጨነቅ አደርኩ። እኛ ያኔ 10ኛ ላይ ስንበተን ቲቸር ምን ብለውን ነበር?" እኔም ትዝ አላለኝም። ምናልባት ምንም አላሉን ይሆናል።

ቲቸርን ጠየቅኋቸው። "ለወደቁት ነው እንጂ ለናንተ ምን እላለሁ" አሉ። ለወደቁት ምን እንዳሏቸው ግን አልነገሩኝም።

ኮምቦልቻ ያለውን ልጅ በደንብ ላስተዋውቃችሁ። ቴክኒክና ሙያ ሲመደብ ፍላጎቱ አውቶ መካኒክ ነበር፣ የደረሰው ጠቅላላ መካኒክ ሆነ። ብዙ ቦታ ሠርቶ በ2009 የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ የስፌት ማሽን ጠጋኝ ሆኖ ገባ። እጁ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ማሽኑን በድምፁ ነው የሚያውቀው። "መርፌው ጨርቁን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ከተንሸዋረረ ቀበቶው ላልቷል ማለት ነው" አለኝ። ድምፅ ሲንሸዋረር ሰምቼ አላውቅም፤ እሱ ሲለው ግን ገባኝ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ኮምቦልቻም ደሴም ተያዙ፣ ፋብሪካዎቹ ተዘረፉ። በታኅሣሥ 2014 ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ዕቃ ያለ ቀረጥ ከሚገባበት ከአጎዋ አስወጣቻት፤ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፉት ሥራቸው ቀዘቀዘ። ዛሬ ቤቱ በር ላይ የሰፈር ልብስ ሰፊዎችን ሲንጀር ይጠግናል። ስለሱ የሰማሁትን ሳነብለት "ሥራ ፈትቷል" የሚለው ላይ ቆጣ አለ። "ሥራ አልፈታሁም። ማሽኑ ነው የቀነሰው።" እንደሱ ብዬ ጻፍኩለት።

ጅዳ ያለችው ጓደኛዬ የምትገኘው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፣ ቤቱ ሁሉ ከተኛ። ድምፅ ትልክልኛለች። የምትናገረው በሹክሹክታ ነው፤ ከኋላዋ የልብስ ማጠቢያው ሲሽከረከር ይሰማል። አንዴ መሐል ላይ አንድ ሕፃን በዓረብኛ ሲጠራት ተሰማ። "መጣሁ" አለችው በአማርኛ። ልጁ ገባው መሰለኝ፣ ዝም አለ። ቀጠለች።

10ኛ ላይ በጥቂት ነጥብ ነው የቀረችው። በ2006 ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ስታባርር ሹመይሲ እስር ቤት ከርማ ነው የተመለሰችው። ያኔ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ነው በወራት ውስጥ የተመለሰው። ቦሌ ስትደርስ የያዘችው አንድ ፌስታል ነበር፤ ይህን የነገረችኝ እሷ ሳትሆን እህቷ ናት። ደሴ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈተች። ዱቤ በላት። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድ የተከለከለበት ጊዜ ሲያልፍ በሕጋዊ መንገድ ተመልሳ ሄደች። በላከችው ብር ሁለት ታናናሾቿ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰዋል። ለጥራዙ "ሥራ" የሚለው ላይ ምን ልበል ብላት "የቤት ሠራተኛ በይ፤ ምን ታሳምሪዋለሽ? አብሽሪ፣ አላፍርበትም" አለችኝ። ከአርባ ምናምን ሰው ሥራውን በስሙ የጠራልኝ ማን ነበር? እሷና ኮምቦልቻ ያለው። ሌሎቻችን "የግል" እና "በአንድ መሥሪያ ቤት" ነን።

አሜሪካ ያሉት ፎቶ ይልካሉ፣ ወሬ አይልኩም። በረዶ፣ መኪና፣ የልጅ ልደት። ከነሱ የተለየው ዲቪ ደርሶት የሄደውና ትራክ የሚነዳው ነው። ክፍል ውስጥ ሲጠየቅ እንኳ አይናገርም ነበር። አሁን ግን ነብራስካን ሲያቋርጥ ቁጭ ብሎ ይቀዳልኛል። አንዱ ቅጂ ከምሳ ሰዓቴ ይረዝማል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ መጠምዘዣ የለውም፣ ሰው የለም። ስለዚህ ያወራል። ከሚስቱ ጋር መለያየቱን የሰማሁት ከሱ ከራሱ ነው፣ በሰው በኩል አልመጣም። ከሁሉም ልጆች ይህ የሆነው በሱ ብቻ ነው። "ለጥራዙ አይደለም" አለ፣ "ለአንቺ ነው"። አልጻፍኩትም። እዚህ የጻፍኩትን አንብቤለታለሁ፤ "ይሁን፣ ማን ያውቀኛል፣ ትራክ የሚነዳ ሐበሻ እንደሁ ሞልቷል" ብሏል።

ስለ ግሩፑ ራሱ አንድ ነገር ልበል። ከጥቅምት 2014 በፊት ቀልድና የበዓል ካርድ የሚለጠፍበት ነበር። ደሴ ልትያዝ ስትል ግን ሌላ ነገር ሆነ። መንገዱ በእግረኛ ተሞልቷል፣ ሰው ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደብረ ብርሃን ይወርዳል። "እናቴን ያያችሁ?" "የሷ ቤት ተቆልፏል፣ ወጥተዋል መሰለኝ።" "አባባ እምቢ አሉ፣ ቤቴን ትቼ አልሄድም ብለዋል።" ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ከተማው ውስጥ የቀሩት ድምፃቸው አልተሰማም። ጀርመን ያለችው ነርስ የሁሉንም ወላጆች ስም ጽፋ፣ ስለ ማን እንደተሰማ ስለ ማን እንዳልተሰማ እየለየች ትለጥፍ ነበር። ያን ሰሞን "ደህና ነኝ" የሚለው ቃል ሲመጣ ሰው ያለቅስ ነበር።

በዚያው ግሩፕ ውስጥ መቀሌ የሚኖር ልጅ አለን። አለን ልበል፣ ነበረን ልበል። ደሴ ተወልዶ፣ ደሴ አድጎ፣ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ደርሶት እዚያው የቀረ ነው። ስልኩ ሲመጣ ሲሄድ ቆይቶ ከሰኔ 2013 በኋላ ጨርሶ ጠፋ። በዚያ ጊዜ ግሩፑ ላይ ብዙ ተባለ። የከተማው ሰው ተዘርፎ፣ ዘመድ ሞቶበት፣ ተቆጥቶ ነበር፤ ያ አይካድም። ስለ ሕዝቡ ሁሉ ግን የተጻፈ ነገር ነበር። ቴሌግራም ደግሞ ምንም አይረሳም። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ስልኩ፣ ቆይቶም ኢንተርኔቱ ሲመለስ የዓመት ከመንፈቁ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ላይ ወረደለት። ምን ያህሉን እንዳነበበ እንጃ። አንድ ቃል ጻፈ። "አለሁ።" ልጆቹ በደስታ ሲንጫጩ፣ ልብ ሲለጥፉ፣ እሱ ከግሩፑ ወጣ።

ለጥራዙ ደወልኩለት። አነሳ። ስለ ቲቸር ጠየቀኝ፣ ስለ ሰፈሩ ጠየቀኝ፣ ስለ ኮምቦልቻው ልጅ ጠየቀኝ። ስለሱ ስጠይቀው "ደህና ነኝ" አለ። አብረውት መቀሌ ያሉ የማውቃቸው ሌሎች ሰዎች የሉኝም፤ ስለዚህ የሚነበብለት ወሬ አልነበረኝም። የሱ መስመር ላይ ያለው ያው "ደህና ነኝ" ነው። ከሁሉም ያጠረው የሱ ነው፣ ደጋግሜ ያነበብኩትም የሱን ነው። ወደ ግሩፑ ይመለስ እንደሆነ ስጠይቀው "መጽሐፏ ስትደርስ ላኪልኝ" አለኝ። እልክለታለሁ።

አሁን የቀረው መገናኛው ነው። አብዛኛው ሰው አዲስ አበባ ይሁን ይላል። ምክንያት አላቸው፤ የሰሜኑ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል፣ ከውጭ የሚመጡትም ቦሌ ነው የሚያርፉት። አድሚኖቹ ሆቴል እያፈላለጉ ነው፣ መዋጮም ተጀምሯል። የኮምቦልቻው ልጅ ሁሉንም ሲያነብ ቆየና "አውሮፕላን ኮምቦልቻም ያርፋል እኮ። ከኛ ጋ ደሴ ደግሞ ቅርብ ናት። እናንተ ለምን አትመጡም?" ብሎ ጻፈ። ትራክ የሚነዳው ከነብራስካ "እውነቱን ነው" አለ። ጀርመን ያለችውም እንደዚያው። ቲቸር ግሩፑ ውስጥ የሉም፤ ግን ሳነሳባቸው "አዲስ አበባ ከሆነ እኔ ጉልበቴ አይችልም፣ በስልክ ስም እጠራለሁ" ብለዋል።

ድምፅ መስጫ ከፍቻለሁ። እስካሁን ደሴ በአራት ድምፅ እየመራች ነው።